የአስም ሕመም ተመልሶ የሚነሣው ስለ ምንድን ነው?

በሐዋሳ ከተማ በታቦር አንድ አስም ያለበት ተማሪ አለ እንበል። ጧት ክፍሉ ሲጠረግ በተነሣው አቧራ ደረቱ ታፍኖ ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል። ጥቂት ቆይቶ ስለ ተሻለው መምህሩ ሕመሙ አለፈ ብሎ ያሰናብተዋል። አመሻሹ ላይ ግን ይብስበታል።

የዚህም ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በአየር ቧንቧ ሽፋን ውስጥ ማስት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። የማይስማማ አቧራ ሲደርስባቸው ያከማቹትን ሂስታሚን በደቂቃዎች ውስጥ ይረጫሉ፤ ሊኮትራይን የተባለውንም ወዲያው ይሠራሉ። እነዚህ ቧንቧውን ያጠባሉ፤ አክታንም ያበዛሉ። የመጀመሪያው ሕመም ይህ ነው። ሳይቶካይን የተባሉት መልእክተኞች ደግሞ ኢዮሲኖፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይጠራሉ። እነርሱም በአንዳንድ ሕሙማን ከ4 እስከ 8 ሰዓት በኋላ ቧንቧውን ያሳብጣሉ፤ ሁለተኛው ሕመም ይህ ነው።

ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ይከፍታል እንጂ እብጠቱን አያጠፋም። እብጠቱን የሚከላከለው በሐኪም ትእዛዝ በየዕለቱ ወደ ሳንባ የሚሳበው ኮርቲኮስቴሮይድ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ወለሉን ውኃ አርከፍክፋችሁ አስጠርጉ፤ የታመመውን ልጅ ስታሰናብቱም ሌሊቱን እንዲከታተሉት ለወላጆቹ ንገሩ። መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።