ፍርሃት ሥራ ሲይዝ፦ የሸራ ጀልባን ለውቅያኖስ ማሰናዳት

በየዓመቱ በኅዳር ወር በካናሪ ደሴቶች የሚገኘው የላስ ፓልማስ ወደብ በሸራ ጀልባዎች ይሞላል። ከ1986 ጀምሮ በሚካሄደው የጋራ ጉዞ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጡረተኞች፣ ጓደኛሞች፣ ልጆቻቸውን የያዙ ቤተሰቦችም ሳይቀሩ አትላንቲክን ያቋርጣሉ። መድረሻቸው 2,700 የባሕር ማይል ወይም 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የካሪቢያን ደሴት ሴንት ሉሲያ ናት። ለአብዛኞቹ ጉዞው ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል።

ከመነሻው በፊት ባሉት ቀናት ወደቡ የሥራ ቦታ ነው። አንዱ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ሽቦ ይመረምራል፤ ሌላዋ የወለሉን ሳንቃ አንሥታ ቧንቧ ትፈትሻለች፤ ተቆጣጣሪዎች ከጀልባ ጀልባ እየዞሩ የነፍስ አድን ዕቃውን አንድ በአንድ ያያሉ። ይህ ሁሉ ሥራ የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው፤ ከፍርሃት። ውቅያኖስ የሚሻገር ሰውም እንደማንኛችንም ይፈራል። ልዩነቱ፣ የሚፈራውን ገና ወደብ ላይ ሳለ ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ ፍርሃት ሥራ መስጠቱ ነው።

ለብዙዎቻችን ባሕር ከሐዘን ዜና ጋር የተቆራኘ ነው። በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን የወገኖቻችንን ሕይወት የቀጠፉት ጀልባዎች ከልክ በላይ ሰው የተጫነባቸው፣ ለዚያ ውሃ ከቶ ያልተዘጋጁ ነበሩ። ተሳፋሪዎቹ ፍርሃታቸውን የሚሰማላቸው፣ ጀልባውንም እንዲመረምሩ ዕድል የሚሰጣቸው አልነበረም። ጀልባን ለባሕር ማሰናዳት ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው።

ጀልባዋና ርቀቱ

ውቅያኖስ የምትሻገር የተለመደች የሸራ ጀልባ ከ10 እስከ 15 ሜትር ትረዝማለች። ከሆዷ በታች ኪል የሚባል፣ ከእርሳስ ወይም ከብረት የተሠራ ከባድ ክንፍ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ ክብደቷ ሲሶ ያህሉን ይይዛል። ነፋስ ሸራዋን ገፍቶ ወደ ጎን ሲያጋድላት ይህ ክብደት ወደ ታች እየሳበ መልሶ ያቆማታል። ማዕበል ቢገለብጣት እንኳ እንድትቃና የሚያደርጋት እሱ ነው።

ጀልባዋ ከዳርቻ በራቀች መጠን ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ከየብስ ጥቂት መቶ ማይል ከታለፈ በኋላ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር አይደርስም። ሊደርስ የሚችለው በአካባቢው የሚያልፍ የንግድ መርከብ ነው፤ እሱም ቀናት ሊወስድበት ይችላል። ጀልባዋ ላይ ያሉት ሰዎች መካኒክም፣ ሐኪምም፣ እሳት አጥፊም እነሱው ናቸው።

የመጀመሪያው መሰናዶ የጉዞውን ወቅት መምረጥ ነው። ላስ ፓልማስ ላይ እስከ ኅዳር ማብቂያ አካባቢ የሚጠበቀው፣ የአትላንቲክ ከባድ አውሎ ነፋስ የሚበዛበት ወቅት ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ስለሚዘልቅ ነው። እሱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው የንግድ ነፋስ ሳይዋዥቅ መንፈስ ይጀምራል፤ ጀልባዎቹንም ከኋላ እየገፋ ወደ ካሪቢያን ይወስዳቸዋል። ቀን መቁጠሪያን በማክበር ብቻ የሚወገድ አደጋ ጥቂት አይደለም።

ፍርሃቱ ሲዘረዘር

«ባሕር እፈራለሁ» የሚል ሰው ገና ሊሠራበት የሚችል ነገር አልተናገረም። «ሌሊት ተኝቼ ውሃ ቢገባስ» ሲል ግን ሥራው ተጀመረ።

ውሃ የሚገባው ከየት ነው? የጀልባዋ ገላ ለመጸዳጃው፣ ለእቃ ማጠቢያውና ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ሲባል የተበሱ ቀዳዳዎች አሉት። ከውሃው ወለል ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ቀዳዳ ቢከፈት በደቂቃ ከ200 ሊትር በላይ ያስገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ መዝጊያ ከመነሻው በፊት ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ይፈተናል። ከአጠገቡም የሾለ የለስላሳ እንጨት ውታፍ በገመድ ይታሰራል። ቧንቧው ቢሰበር ውታፉ በመዶሻ ይመታል፤ እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ ቀዳዳውን ይበልጥ አጥብቆ ይደፍናል። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የሚለው ተረታችን እዚህ ቃል በቃል እውነት ነው። ወደብ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧ «ቆይ በኋላ» ሊባል አይገባም።

ምሰሶው ቢሰበርስ? ምሰሶውን ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱም ጎን ወጥረው የያዙት የብረት ሽቦ ገመዶች ናቸው። ከሽቦው ክሮች አንዷ ብትበጠስ ሌሎቹ ተራቸውን እየጠበቁ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ምሰሶው ጫፍ ድረስ ወጥቶ መጋጠሚያዎቹን በዓይኑም በጣቱም ይዳስሳል። ብዙ መርከበኞች ሽቦው በየአሥር ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ምሰሶው ቢወድቅ፣ በገመዶቹ እንደታሰረ ውሃ ውስጥ ሆኖ የጀልባዋን ገላ ሊደበድብ ይችላል። ቆርጦ የሚጥለው ትልቅ የብረት መቁረጫ በቀላሉ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጣል።

ሰው ቢወድቅስ? ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። በሰዓት ስድስት የባሕር ማይል የምትሄድ ጀልባ በአንድ ደቂቃ 185 ሜትር ትርቃለች። በዚያ ርቀት በሞገዶች መካከል ያለ የሰው ራስ ለማየት በቀን ብርሃንም ከባድ ነው፤ በጨለማማ ተስፋው እጅግ ይመነምናል። መልሱ አለመውደቅ ነው። ከጀልባዋ ፊት እስከ ኋላ ጠንካራ ጥብጣብ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ ሰው የለበሰውን ማንጠልጠያ በአጭር ገመድ ከእሱ ጋር ይቆልፋል። ደንቡም ቁርጥ ያለ ነው፦ ሌሊት ወይም ብቻውን ሆኖ ከካቢን የሚወጣ ሰው ሳይታሰር አይወጣም።

ማዕበሉስ? የባሕር መሐንዲሶች በሞዴል ጀልባዎች ላይ ያደረጓቸው ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ጀልባን የሚገለብጣት በጎኗ ላይ የሚፈርስ ሞገድ ነው። የሚፈርሰው ሞገድ ከፍታ ከጀልባዋ ርዝመት ሲሶ አካባቢ ሲደርስ ሊያንከባልላት ይችላል። ከዚህ እውቀት ሁለት ሥራዎች ይወለዳሉ።

አንደኛው በጀልባዋ ውስጥ ነው። ጀልባ ስትገለበጥ ባትሪው፣ ምድጃው፣ የቆርቆሮ ምግቡ፣ የወለሉ ሳንቃ ሁሉ ሰው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ «ይህ ክፍል ተገልብጦ ጣሪያው ወለል ቢሆን ምን ይወድቃል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የሚወድቀው ሁሉ በብሎን ይታሰራል ወይም በቁልፍ ይዘጋል።

ሁለተኛው ጀልባዋ ጎኗን ለሞገድ እንዳትሰጥ ማድረግ ነው። አንዱ ዘዴ የፊተኛውን ሸራ ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ማሰርና መሪውን በተቃራኒው ማጥመዝ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ ሲቃወሙ ጀልባዋ መሮጧን ታቆማለች፤ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዘንብላ በዝግታ ትንሳፈፋለች። ቅድም ያንገጫግጭ የነበረው ረገብ ይላል፤ ሻይ ማፍላት፣ ማረፍ፣ ማሰብ ይቻላል። ይህ ለማይበቃው ማዕበል ደግሞ አሜሪካዊው የአውሮፕላን መሐንዲስ ዶናልድ ጆርዳን ከኋላ የሚጎተት ረጅም ገመድ ሠራ። ገመዱ ላይ ከመቶ በላይ ትንንሽ የጨርቅ ሾጣጣዎች ተደርድረዋል፤ ጫፉ ላይ ክብደት አለ። ሞገዱ ጀልባዋን ሊወረውራት ሲል ሾጣጣዎቹ ውሃውን ይዘው ያስቀሯታል፤ ጀርባዋንም ለማዕበሉ እንደሰጠች ያቆዩዋታል።

እነዚህ ዘዴዎች ግን በእጅ መለመድ አለባቸው። የማዕበል ሸራ ከከረጢቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣው ማዕበል ውስጥ ከሆነ ዘግይቷል። ጸጥ ባለ ቀን ወደብ ላይ፣ ቀጥሎም በሚታወቅ ዳርቻ ነፋስ በበረታበት ቀን፣ ከዚያም በጨለማ ይሰቀላል፣ ይታጠፋል፣ ይፈታል። የማቅለሽለሹ፣ የእንቅልፍ ማጣቱና የሌሊት ተራ ጥበቃው ፍርሃትም የሚቀልለው በዚሁ መንገድ፣ በአጫጭር ጉዞዎች ነው።

አንድ ውድድር፣ ሁለት ሰዎች

በ1968 የእንግሊዙ ሰንዴይ ታይምስ ጋዜጣ ብቻውን፣ ወደብ ሳይነካ ዓለምን በሸራ ጀልባ ለሚዞር ሰው ሽልማት አዘጋጀ። ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ፤ የጨረሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱም የንግድ መርከብ መኮንን የነበረው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ነው። ቦምቤይ ላይ የተሠራችው ጀልባው ሱሃይሊ አሥር ሜትር እንኳ አትሞላም።

ጉዞው ገና አትላንቲክ ላይ ሳለ ሱሃይሊ ውሃ ማስገባት ጀመረች። ኖክስ ጆንስተን የዋና መነጽሩን አጥልቆ ውሃው ውስጥ ገባና ከኪሉ በላይ ያለው መጋጠሚያ እንደተከፈተ አየ። ሸራ ጨርቅ በቅጥራን ነክሮ፣ ትንፋሹን እየያዘ እየጠለቀ፣ በትንንሽ የመዳብ ሚስማሮች መታው፤ በላዩም የመዳብ ንጣፍ ደረበ። በመካከሉ ሻርክ መጣ፤ ወጥቶ በጠመንጃ ተኩሶ ገደለውና ወደ ሥራው ተመለሰ። በ312ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 1969፣ ወደተነሣበት ፋልመዝ ወደብ ገባ። ሰውዬው በውሃው ውስጥ ያለፍርሃት ነበር ለማለት አልደፍርም። የፈራው ነገር ግን ስም ነበረው፤ ለዚያም መዳብ፣ ሚስማርና መዶሻ ይዞ ነበር።

በዚያው ውድድር ዶናልድ ክሮኸርስት የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያም ነበር። ጀልባው ሳትጠናቀቅ የመነሻው የመጨረሻ ቀን፣ ጥቅምት 31፣ ደረሰ። ቤቱና ንግዱ ለጉዞው መያዣ ሆነዋል፤ ጋዜጦች ይጠብቃሉ። አስፈላጊ መለዋወጫዎች ወደቡ ላይ ቀርተው በመጨረሻዋ ቀን ወጣ። ጀልባዋ የደቡቡን ውቅያኖስ እንደማትችል ሲያውቅ ወደ ቤት መመለስም መቀጠልም አቃተው፤ አትላንቲክ ላይ እየተንከራተተ ዓለምን እየዞረ እንደሆነ የሚገልጽ የሐሰት መልእክት ላከ። ሐምሌ 1969 ጀልባዋ ባዶዋን ተገኘች። ኖክስ ጆንስተን ያገኘውን 5,000 ፓውንድ ለክሮኸርስት ባለቤትና ልጆች ሰጠ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያሳዝነኝ፣ ፍርሃቱ እውነቱን ሲነግረው መስማት የማይፈቅድ ቀነ ገደብ በላዩ መጫኑ ነው።

የቀረው ፍርሃት

ነሐሴ 1979 በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል በሚካሄደው የፋስትኔት ውድድር 303 ጀልባዎች ከባድ ማዕበል ውስጥ ገቡ፤ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። 24 ጀልባዎች ሰዎቻቸው ጥለዋቸው ወጥተው ነበር፤ ከእነዚያ የሰመጡት ግን 5 ብቻ ናቸው። በጎማ የነፍስ አድን ታንኳዎቹ ላይ ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መርከበኞች የሚማሩት ደንብ፣ ታንኳው ውስጥ የሚገባው ጀልባዋ በእርግጥ ከእግር ሥር ስትሰምጥ ብቻ እንደሆነ ነው። ወደብ ላይ ያልተደመጠ ፍርሃት ማዕበል ውስጥ ይመጣል፤ ያኔ ደግሞ መጥፎ አማካሪ ነው።

የትኛውም መሰናዶ የማያስቀረው አደጋ አለ። በ1982 ስቲቨን ካላሃን የተባለ አሜሪካዊ ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ በዚሁ መንገድ ሲጓዝ ትንሿ ጀልባው ሌሊት በማይታወቅ ነገር ተመትታ በውሃ ተሞላች። ታንኳውን ዘርግቶ፣ ወደሚሰምጠው ካቢን ተመልሶ፣ አስቀድሞ ያዘጋጀውን የድንገተኛ ጊዜ ከረጢት አወጣ። በውስጡ ከነበረው ዕቃ ጋር 76 ቀን ተንሳፍፎ፣ ዓሣ እያጠመደና የባሕሩን ውሃ በፀሐይ እያጣራ ካሪቢያን ደረሰ። ዛሬ ከዚያ ከረጢት አጠገብ ለሳተላይት የድረሱልኝ ምልክት የሚልክ መሣሪያ ይቀመጣል። ምልክቱን የሚቀበለውን የኮስፓስ ሳርሳት ሥርዓት አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ካናዳና ፈረንሳይ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አብረው መሥርተውታል።

እንግዲህ ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ከመሣሪያ ሁሉ በፊት አንድ ደብተር ይግዛ። የሚፈራውን ሁሉ በግልጽ ይጻፍበት፤ ከጎኑ ሥራውን፣ ከዚያም ሥራው ያለቀበትን ቀን ያስፍር። ከባድ ነገር ሳይሠራ የመነሻው ቀን ከደረሰ፣ ወዳጆች ወደቡ ላይ ሊሸኙ ተሰብስበውም ቢሆን፣ «ዛሬ አንወጣም» ማለት ከመርከበኛ የሚጠበቅ የመጀመሪያው ድፍረት ነው። የንግዱ ነፋስ በሚቀጥለው ሳምንትም ይነፍሳል።