ፉትቦል፣ ገንዘብና የወሰን መስመር፦ «ፍራይዴይ ናይት ላይትስ» በተሰኘው ድራማ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት

በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፉትቦል ቡድኖች በአብዛኛው የሚጋጠሙት ዓርብ ማታ ነው። ፉትቦል ሲባል በአማርኛ እግር ኳስ የሚባለው ሳይሆን፣ ተጫዋቾች የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ለብሰው እየተላተሙ፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው ወይም ወርውረው የተቃራኒን መስመር ለመጣስ የሚታገሉበት ጨዋታ ነው። «ፍራይዴይ ናይት ላይትስ» ማለትም «የዓርብ ማታ መብራቶች» የተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ስሙን ያገኘው በዚያ ምሽት በስታዲየሞች ከሚበሩት መብራቶች ነው። ድራማው ከእ.ኤ.አ. 2006 እስከ 2011 በ5 ምዕራፎችና በ76 ክፍሎች ቀርቧል። ብዙ ጊዜ ስለ ቤተሰብና ስለ ወጣትነት የሚናገር ሥራ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ይህም ትክክል ነው። ሆኖም ከጨዋታው ጀርባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማይለቀው ሌላ ጥያቄ አለ፤ የአንዲት ከተማ የትምህርት ሀብት ለማን ይውላል? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው?

ጥያቄው የመጣው ከእውነተኛ ታሪክ ነው። ጋዜጠኛው ኤች. ጂ. ቢሲንገር በ1988 በምዕራብ ቴክሳስ ወደምትገኘው የነዳጅ ከተማ ኦዴሳ ሄዶ የፐርሚያን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ቡድን ለአንድ የውድድር ዘመን ተከታተለ፤ ያየውንም በ1990 በመጽሐፍ አሳተመ። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ ከተማዋ በተቸገረችበት በዚያ ወቅት ቡድኑ ወደ ሩቅ ግጥሚያዎች በኪራይ አውሮፕላን ይጓዝ ነበር። ለተጫዋቾች የሕክምና ቁሳቁስ የሚወጣው ገንዘብም የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ለማስተማሪያ ከሚያገኘው ይበልጥ ነበር። ከዚህ የሚከብደው የዘር ጉዳይ ነው። በ1982 ኤክተር የተባለው ትምህርት ቤት የዘር መለያየትን ለማስቀረት በተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ተዘግቶ ተማሪዎቹ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሲከፋፈሉ፣ የምደባው መስመር ጥሩ ተጫዋቾችን ለፐርሚያን እንዲያስገኝ ታስቦ ተሰምሯል የሚል ጥርጣሬ በከተማዋ እንደነበር መጽሐፉ ይተርካል።

ፒተር በርግ መጽሐፉን በ2004 ወደ ፊልም፣ ከ2 ዓመት በኋላም ወደ ቴሌቪዥን አመጣው። የተከታታይ ድራማው ዋና አዘጋጅነት ለጄሰን ካቲምስ ተሰጠ። ኦዴሳ ቀርታ ዲሎን የምትባል የፈጠራ ከተማ ተተካች። ቀረጻው የተካሄደው በኦስቲንና በአካባቢው ባሉ እውነተኛ ቤቶችና ሜዳዎች፣ በአንድ ጊዜ በ3 ካሜራ፣ ያለ ቅድመ ልምምድ ነው። በዚህም ምክንያት ንግግሮቹ ይቆራረጣሉ፣ ፊቶች ከካሜራው ያመልጣሉ፤ ተመልካቹ ጎረቤት ቤት በመስኮት የሚያይ ይመስለዋል።

በመጀመሪያው ክፍል የቡድኑ ኮከብ ጄሰን ስትሪት በጨዋታ ላይ አከርካሪው ተጎድቶ ሽባ ይሆናል። በቦታው የሚገባው ማት ሳራሰን አባቱ ኢራቅ የዘመተበት፣ የመርሳት ችግር ያለባቸውን አያቱን ብቻውን የሚንከባከብ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ከተማዋ ስለ አያቱ አትጠይቀውም፤ የምትጠይቀው ዓርብ ያሸንፍ እንደሆነ ነው። የዚህ ግፊት ዋነኛ ተሸካሚ ባዲ ጋሪቲ የተባለው የመኪና ነጋዴ ነው። ባዲ ጋሪቲ የተመረጠ ባለሥልጣን አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛም አይደለም። ነገር ግን የደጋፊዎች ገንዘብ በእርሱ እጅ ስለሚያልፍ አሰልጣኝ ኤሪክ ቴይለር ሥራው የሚጸናው ወይም የሚናጋው በእርሱና በመሰሎቹ ፊት ነው።

የገንዘቡ ጉዳይ ጎልቶ የሚወጣው በሦስተኛው ምዕራፍ ነው። የአሰልጣኙ ባለቤት ታሚ ቴይለር ርእሰ መምህርት ሆና ስትሾም መምህራንና መጻሕፍት የጎደሉበት ትምህርት ቤት ትረከባለች። በዚያው ሰሞን ደጋፊዎች ለስታዲየሙ ግዙፍ ስክሪን መግዣ ገንዘብ ያዋጣሉ። ታሚ ገንዘቡን ለትምህርት ለማዋል ትሞክራለች፤ ሐሳቧ ግን በመጨረሻ ውድቅ ይሆናል። የደጋፊዎቹ መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ የሰጡት ለስክሪን ነው፣ ለመጻሕፍት ቢባል ላይሰጡ ይችሉ ነበር። ድራማው ጥሩ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ማንንም ክፉ ሳያደርግ፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት በለጋሾች ፍላጎት ላይ ሲንጠለጠል ርእሰ መምህርቷ በራሷ ግቢ እንግዳ እንደምትሆን ያሳያል።

ቀጥሎ የወሰኑ መስመር ይመጣል። ከተማዋ ለሁለት ተከፍላ ተዘግቶ የነበረው የምሥራቅ ዲሎን ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ከምዕራብ ዲሎን የተባረረው ቴይለር ወደዚያ ይላካል። ሜዳው የተጎሳቆለ፣ ተጫዋቾቹ ጥቂትና ያልሠለጠኑ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ቴይለር ልጆቹ እንዳይጎዱ ሲል በዕረፍት ሰዓት ለተጋጣሚ ይለቃል። መስመሩ ድሃውን ሠፈር ወደ ምሥራቅ፣ ሀብቱን ወደ ምዕራብ አድርጓል። ሉክ ካፈርቲ የተባለው ጎበዝ ተጫዋች ደግሞ በሐሰት አድራሻ በምዕራብ ተመዝግቦ ይገኛል። ማታለሉን ያልታገሠችው ታሚ ወደ ምሥራቅ ስታዛውረው የደጋፊዎቹን ቁጣ ትቀበላለች። የኦዴሳ መስመር በዲሎን እንደገና ተሰመረ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ድራማው ከመጽሐፉ የሚያፈገፍግበት አንድ ትልቅ ቦታ አለ። በ1988 የፐርሚያን ተስፋ የነበረው ጥቁር ተጫዋች ቡቢ ማይልስ የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ጉልበቱ ተጎዳ፤ ቡድኑ ያለ እርሱ ቀጠለ፤ የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋውም በዚያው ቀረ። በድራማው የእርሱ አምሳያ ሊባል የሚችለው ስማሽ ዊልያምስም ጉልበቱ ይጎዳል። ለእርሱ ግን ቴይለር አለለት፤ አብሮት ይለማመዳል፣ ስልክ ይደውላል፣ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ራሱን የሚያሳይበት ዕድል ያስከፍትለታል። ትዕይንቱ ልብ ይነካል፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። መጽሐፉ ሥርዓት ብሎ ያቀረበው በደል በድራማው የአንድ ደግ ሰው መኖርና አለመኖር ጉዳይ ይሆናል። ቴይለር የሌለበት ስማሽ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ቡቢ ማይልስ ነው፤ ይህን ግን ድራማውን ብቻ የተመለከተ ሰው ሊያውቅ አይችልም።

ስለ ገንዘብ ይህን ያህል የሚናገረው ሥራ ራሱም የዳነው በገንዘብ ስምምነት ነው። የተመልካቹ ቁጥር አነስተኛ ስለነበር፣ ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ የሳተላይት ቴሌቪዥን ኩባንያው ዳይሬክቲቪ ከኤንቢሲ ጋር ወጪውን ተጋርቶ ክፍሎቹን አስቀድሞ የማሳየት መብት አገኘ።

ይህ ስምምነት ባይኖር የመጨረሻው ምዕራፍ ባልተሠራ ነበር፤ ድራማው ከደግ አሰልጣኝ በላይ የሆነውን ኃይል ፊት ለፊት የሚያሳየውም እዚያ ነው። የምሥራቅ ዲሎን ቡድን ለግዛቱ ሻምፒዮና ፍጻሜ በደረሰበት ሰዓት፣ የበጀት እጥረት የገጠመው አስተዳደር ከሁለቱ ቡድኖች አንዱን ብቻ ለማስቀረት ይወስናል፤ የሚቀረውም የምዕራቡ ነው። ቴይለር የተዋሐደውን ቡድን እንዲያሠለጥን ይጠየቃል፤ እርሱ ግን ታሚ ሥራ ወዳገኘችበት ፊላደልፊያ አብሯት ይሄዳል። በፍጻሜው ጨዋታ ቪንስ ሃዋርድ የወረወራት ኳስ ገና አየር ላይ ሳለች ታሪኩ ወራትን ይዘላል። ማሸነፋቸው የሚታወቀው በተዘዋዋሪ ነው። ያሸነፈው ቡድን በዚያን ጊዜ የለም፤ ቪንስም በምዕራብ ዲሎን ሜዳ ከትናንት ተጋጣሚዎቹ ጋር በአንድ ቡድን ይለማመዳል።