ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ራሳችንን ስናወዳድር

ዛሬ ስለ ግሎባላይዜሽን ነው የማወራችሁ። "ዶክተር፣ እሱ የኢኮኖሚስቶች ጉዳይ አይደል እንዴ?" እንዳትሉኝ፤ ነገሩ እስከ ምግብ ገበታችን ድረስ ይገባል።

ፊጂ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴቶች አገር ናት። እዚያ በባህሉ ሞላ ያለ ሰውነት የተወደደ ነበር፤ ሰው ሲከሳ ነው ቤተሰብ የሚጨነቀው። (እኛስ ጋ "ወፈር ብለሻል" ሙገሳ አልነበር?) በ1995 እ.ኤ.አ. ናድሮጋ ወደተባለው አካባቢ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም ቴሌቪዥኑ በገባ ሰሞንና ከ3 ዓመት በኋላ የአካባቢውን ሴት ተማሪዎች ጠየቁ። መጀመሪያ ላይ ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም፤ በ1998 ግን 11.3 በመቶ ሆኑ። 74 በመቶዎቹ ደግሞ ቢያንስ አንዳንዴ "በጣም ወፍራም ነኝ" የሚል ስሜት ነበራቸው።

በሁለቱ ዙሮች የተጠየቁት የተለያዩ ልጆች ስለሆኑ ጥፋቱን ሁሉ በቴሌቪዥኑ ላይ መጫን አይቻልም። እኔን የገረመኝ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያታቸው ነው። አንዳንዶቹ መቅጠንን የፈለጉት ለቁንጅና ብቻ ሳይሆን ሥራ ለማግኘትና ኑሯቸውን ለመለወጥ ጭምር ነው።

የሳይኮሎጂ ጥቅም እዚህ ጋ ይመጣል። ጥሩ ባለሙያ "ስልክሽን ዝጊ" ከማለቱ በፊት "እንደሷ ብትቀጥኚ ምን የሚለወጥልሽ ይመስልሻል?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ሥራ፣ ትዳር ወይም ከአገር መውጣት ከሆነ፣ ችግሩ ኪሎ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው የሳይኮሎጂ ምሁር በ1954 እንደጻፈው፣ ሰው ራሱን የሚመዝነው ከሚመስሉት ሰዎች ጋር በማወዳደር ነው። ድሮ ሚዛናችን ጎረቤትና የክፍል ጓደኛ ነበር። አሁን ቲክቶክ ዱባይ ያለችውን፣ በፊልተር የተዋበችውን ልጅ ጎረቤት አስመስሎ አልጋችን ድረስ ያመጣታል።

እስቲ ለአንድ ሳምንት ስልካችሁን ባስቀመጣችሁ ቁጥር ስለ ሰውነታችሁ የተሰማችሁን በአንድ መስመር ጻፉ። ሁሌ ቅር አሰኝቷችሁ የሚሄድ ገጽ ካለ መከተል አቁሙ፤ የእኔም ቢሆን!

ምግብ መዝለል፣ ከበሉ በኋላ ተደብቆ ማስመለስ፣ የወር አበባ መቅረት ወይም ራስን መሳት ካለ ግን በራሳችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። የአእምሮ ሕክምና ያለው አማኑኤል ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም ክፍሉ አላቸው። ወላጆች፣ እባካችሁ "ብዪ እንጂ!" ብላችሁ አትጩሁባት፤ አብራችኋት ሂዱ።