«ገቢ አያመጡም» ስለሚሉት ነገር

ሰሞኑን አንድ የጊንጪ አባት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ልጃቸው ጠዋት ትሮጣለች፣ ከሰዓት ከወንዶች ጋር ኳስ ትጫወታለች፤ ሁለቱንም ትችላለች። «የትኛው ነው እንጀራ የሚሆናት?» ነው ጥያቄያቸው። ለእሳቸው በአጭሩ መልሻለሁ። የብዙ ወላጅ ጥያቄ ስለሆነ ግን እዚህ ዘርዘር ላድርገው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከሩጫው ልጀምር። የጊንጪ ጎረቤት ጀልዱ የፈይሳ ሌሊሳ አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ በማራቶን ብር ያመጣው ልጅ። ከዚያው ከጀልዱ የወጣች ሴት ያንኑ 42 ኪሎ ሜትር ሮጣ ብታሸንፍ፣ በትልልቆቹ ውድድሮች የምታገኘው ሽልማት ከወንዱ እኩል ነው። በ2023 በቡዳፔስቱ የዓለም ሻምፒዮና አማኔ በሪሶ የሴቶቹን ማራቶን አሸንፋ 70 ሺህ ዶላር አገኘች። የወንዶቹን ያሸነፈው ኡጋንዳዊ ቪክተር ኪፕላንጋትም ያገኘው ያችኑ 70 ሺህ ነው። የዓለም አትሌቲክስ በፓሪስ ኦሊምፒክ ለወርቅ አሸናፊዎች 50 ሺህ ዶላር ሲመድብም ወንድና ሴት ብሎ አልለየም።

ይህ እኩልነት ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሴቶቹ መጀመሪያ የተከለከሉት ውድድሩን ራሱን ነበር። የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ የገባው በ1984 ነው፣ 10 ሺህ ሜትሩ በ1988፣ የ3 ሺህ ሜትር መሰናክሉ ደግሞ በ2008። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያጠለቀችበት የ10 ሺህ ሜትር ርቀት ከእሷ ድል ስምንት ዓመት በፊት በኦሊምፒኩ መርሐ ግብር ውስጥ አልነበረም። በዓለም አገር አቋራጭ ሴቶቹ እንደ ወንዶቹ 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ የጀመሩትም በ2017 ካምፓላ ላይ ነው። የትናንት ነገር ነው።

ሽልማቱ እኩል ነው ስል ሁሉ እኩል ነው ማለቴ አይደለም። ለመሳተፍ ብቻ የሚከፈለውና ከጫማ ኩባንያ ጋር የሚደረገው ውል በሚስጥር የሚያልቅ ነገር ነው። ማናጀሩ በተለምዶ 15 በመቶ ይወስዳል። ከሁሉ የሚከፋው የእርግዝናው ጉዳይ ነው። በ2019 አሜሪካውያን ሯጮች ስንወልድ ክፍያችን ይቀነሳል ብለው በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ ናይኪ ውሉን ለማሻሻል ተገደደ። ደራርቱ ልጅ ወልዳ ሲድኒ ላይ ወርቅ፣ ጥሩነሽም ወልዳ ሪዮ ላይ ነሐስ ማምጣታቸውን እናወራለን፤ ደስ ይላል። ወልዳ ውሏ ተቋርጦ የቀረችው ግን ስሟንም አናውቀውም።

አሁን ወደ ኳሱ። እዚህ ነው የሚያናድደኝ።

የሴቶች ክፍያ ለምን አነሰ ስትሉ የምትሰሙት መልስ አንድ ነው፦ «ገቢ አያመጡማ! ማን ሊያያቸው ይገባል?» መልሱ ሌላ አገር ቢነገር ቢያንስ ያከራክራል። ሴቶቹ በ2023 የተጫወቱበት የዓለም ዋንጫ ሽልማት በድምሩ 110 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የኳታሩ የወንዶች 440 ሚሊዮን። ፊፋ የቴሌቪዥኑን ገቢ ቆጥሮ ሊከራከራችሁ ይችላል። የአሜሪካ ሴቶች እንኳን ፌዴሬሽናቸውን ከስሰው በ2022 የ24 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት እስኪያገኙ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

የእኛ አገር ወንዶች ክለብ ግን ደመወዝ የሚከፍለው ከምን ገቢ ነው? የክለቦቹን ስም ብቻ ተመልከቱ። ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማ፤ የከተማ አስተዳደር ክለቦች ናቸው። መቻል የመከላከያ ነው፣ ንግድ ባንክ የመንግሥት ባንክ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህማ ክለቦቹ ጥቂት ከተሞች ላይ ተሰብስበው ስለሚጫወቱ ብዙዎቹ ዓመቱን በአብዛኛው ከደጋፊያቸው ርቀው ነው የሚያሳልፉት። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ለወንዶቹ ተጫዋቾች 50 ሺህ ብር የወር ደመወዝ ጣሪያ የተቆረጠው ለምን ነበር? የሕዝብ በጀት በደመወዝ እያለቀ ስለነበር ነው። ስለዚህ በአብዛኞቹ ክለቦች ወንዱም ሴቷም የሚከፈላቸው ከአንድ ካዝና ነው፤ እኔና እናንተ ግብር ከምናስገባበት። ወንዱ ገቢ ሳያመጣ ሲከፈለው «ስፖርት ማስፋፋት» ይባላል፣ ለሴቷ ሲሆን ገበያው ይጠቀሳል።

ዲኤስቲቪ ለቴሌቪዥን ስርጭት የከፈለው ገንዘብስ ካላችሁ፣ እውነት ነው፣ ውሉ የወንዶቹ ሊግ ነበር። ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር ነው፤ ሴቶቹ ፌዴሬሽኑ ሥር ናቸው። ካሜራ ያልተተከለበትን ጨዋታ ተመልካች የለውም ማለት ግን ትንሽ ያስቃል።

ውጤት ይታይ ከተባለም 2016 ዓ.ም.ን ውሰዱ። የንግድ ባንክ ወንዶች ፕሪሚየር ሊጉን አነሱ፣ ከዚያ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ተሰናበቱ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ የባንኩ ሴቶች አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፈው ሞሮኮ ለተደረገው የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አለፉ። አህጉሩ መድረክ ላይ የደረሱት ሴቶቹ ናቸው።

ሕጉን ላስታውሳችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም በጾታ ምክንያት ክፍያ መለያየትን ይከለክላል። «የወንድና የሴት ኳስ አንድ ሥራ አይደለም» የሚል ጠበቃ አይጠፋም፣ ይከራከር። እኔ የማየው ልምምዱ ያው፣ ሜዳው ያው፣ ጉዳቱም ያው መሆኑን ነው።

ልጃችሁ ለክለብ የምትፈርም ከሆነ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የተጻፈው ደመወዝ ከግብር በፊት ይሁን በኋላ ጠይቁ። ውሉ ፌዴሬሽን መመዝገቡን አረጋግጡ፣ አንድ ቅጂ እጃችሁ ይግባ። ጉልበቷን ብትጎዳ ማን እንደሚያሳክማት፣ ብታረግዝ ውሏ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይስፈር። «በኋላ እንነጋገራለን» ካሏችሁ ብዕሩን አስቀምጡት።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በሆለታ፣ በጌዶ ለምትኖሩ ደግሞ፦ የከተማ በጀት ሰኔ ላይ ይሰናዳል፣ ሐምሌ ላይ ይጸድቃል። ለስፖርት የተያዘው ስንት እንደሆነና ከዚያ ውስጥ ለሴቶች ቡድን ስንት እንደተመደበ የምክር ቤት አባላችሁን ለመጠየቅ ጊዜው ያን ጊዜ ነው። ነሐሴ ላይ ብትጠይቁ ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፋፍሏል።