የቃኘው ሻለቃ የመጨረሻ ሳምንታት

ከቦሌ ወደ ገርጂ የሚጫን የታክሲ ረዳት «ኮሪያ ሆስፒታል!» ብሎ ሲጣራ፣ ለምን ኮሪያ ተባለ ብሎ የሚጠይቅ ተሳፋሪ የለም። የሆስፒታሉ የመዝገብ ስም ሚዩንግሰንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋመው በሴኡል የሚገኝ የዚሁ ስም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በኮሪያ ጦርነት ለዘመቱት ኢትዮጵያውያን ውለታ መመለሻ ተደርጎም ይነገርለታል። የካ ላይ ኮሪያ ሰፈር አለ፤ አፍንጮ በር አካባቢም የዘማቾቹ መታሰቢያ ቆሟል። ከተማው ስሙን ይዞታል። ታሪኩን ጠይቁ ቢባል ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ያቺን አጭር ቅጂ ነው፦ ቃኘው ዘመተ፣ በጀግንነት ተዋጋ፣ ምርኮኛ ሳያስይዝ ተመለሰ። የትኛው ኮረብታ ላይ? በየትኛው ሌሊት? ከየት ተነስቶ ወዴት? ጀግንነቱ የሚታየው እዚህ ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ፣ በአጭሯ ቅጂ ረክቶ መቅረት ዘማቾቹን መበደል ይመስለኛል።

ቃኘው የተባለው በራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ሻለቃው የተውጣጣው ከክብር ዘበኛ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ወርዶ በመርከብ ፑሳን ገባ። ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩት። የመንግሥታት ማኅበር ጣሊያንን ዝም ባለበት ዘመን የተከፉት ንጉሠ ነገሥት፣ የጋራ ደኅንነት የሚባለው ነገር እውን እንዲሆን በራሳቸው ጦር ፈረሙበት ማለት ይቻላል። ሻለቃው ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተቀላቀለ። ጠመንጃው፣ መትረየሱ፣ ሞርታሩ፣ ስንቁ ሁሉ አሜሪካዊ ነበር።

የጦርነቱን ማብቂያ ያየው ሦስተኛው ቃኘው ነው። ሚያዝያ 1945 ዓ.ም. ሲደርስ የኮሪያ ጦርነት ሰዎች በፊልም እንደሚያዩት ዓይነት አልነበረም። ግንባሩ ከተተከለ ወደ ሁለት ዓመት ሊጠጋ ነው። ሁለቱም ወገን ኮረብታ ላይ ቆፍሮ ተቀምጧል፤ ፓንሙንጆም ላይ የተኩስ አቁም ድርድር ይካሄዳል። የሚቀረው ትልቁ ክርክር የምርኮኞች ጉዳይ ሲሆን፣ ተደራዳሪዎቹ በቃል የሚነታረኩትን ያህል ወታደሮቹ በኮረብታ ይነታረኩ ነበር። ኦልድ ቦልዲ የሚባለው ኮረብታ መጋቢት ላይ በቻይናዎች እጅ ወድቋል። ከጎኑ ያለው ፖርክቾፕ በሦስት ወገን ተጋልጦ ቀርቷል። ሚያዝያ 8 ቀን ሌሊት ቻይናዎች ፖርክቾፕን አጠቁ፤ ሁለት ቀን ከሌሊት ተዋግተው አሜሪካኖቹ መልሰው ያዙት። አዲሱ ሻለቃ የገባው እንግዲህ እዚህ ሰፈር ነው።

በእንዲህ ያለ ግንባር «እንቅስቃሴ» የሚባለው ምን እንደሆነ ካልገባ የሻለቃውን ዱካ መከተል አይቻልም። አድዋ ላይ ወይም ማይጨው ላይ የሠራዊት ጉዞ በቀን መንገድ ይለካል። እዚህ የሚለካው በመቶ ሜትሮች ነው። ከኋላ ዋናው የመከላከያ መስመር አለ፤ ከፊቱ፣ ሸለቆው አፍ ላይ፣ ትናንሽ የፊት ምሽጎች ተበትነዋል፤ ከዚያ ወዲያ የማንም ያልሆነ መሬት፣ ከዚያም የጠላት ኮረብታ። ሻምበሎቹ በዋናው መስመርና በተጠባባቂነት ይፈራረቃሉ። ከሻምበሉ አንድ መቶ የፊት ምሽጉን ይይዛል። ከዚያ ምሽግ ደግሞ ሲመሽ የቅኝት ጓድ ይወጣል፤ አንዳንዱ ምርኮኛ ይዞ እንዲመጣ፣ አንዳንዱ የጠላት መተላለፊያ ላይ እንዲያደፍጥ፣ አንዳንዱም ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ ብቻ ይላካል። ቀን በመድፍ ስለሚጠበቅ ማንም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በካርታው ላይ ሻለቃው ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፤ በየሌሊቱ ግን ሰዎቹ ወጥተው ይገባሉ፣ የወጡት ሁሉ ደግሞ አይገቡም።

ከእነዚያ ሌሊቶች በደንብ የተመዘገበው የግንቦት 11 ለ12 አጥቢያ ነው። ኢትዮጵያውያን ዮክ እና አንክል የተባሉ ሁለት የፊት ምሽጎችን ይዘው ነበር። አሜሪካኖች ለምሽጎቻቸው የሬዲዮ ፊደል መጥሪያ ስም መስጠት ልማዳቸው ነው። በዚያ ሌሊት ከዮክ ፊት ለፊት ሸለቆው ውስጥ የኢትዮጵያውያን የቅኝት ጓድ ነበረ። ቻይናዎቹ ምሽጉን ሊወስዱ ሲንቀሳቀሱ መንገዳቸው ላይ የገጠማቸው ይኸው ጓድ ነው። ምሽጉ ላይ የመድፍና የሞርታር ናዳ ወረደ፤ ከወዲህም መድፍ መለሰ፤ ጓዱ በሁለቱ መሀል ሆኖ ተዋጋ። ዮክ ሳይወሰድ ነጋ። ይህ በጦርነቱ አጠቃላይ ታሪክ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ የማይሰጠው ፍልሚያ ነው፤ ግንባሩ አልተነቃነቀም፣ ድርድሩም አልተለወጠም። ለሻለቃው ግን ጦርነቱ ማለት ይኸው ነበር።

ዝርዝሩን ያወቅነው በአብዛኛው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በተባለ አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ በኩል ነው። በዚያ የጸደይ ወራት ኮሪያ ነበር፤ ከፍልሚያ የወጡትን ጭፍሮች ሰብስቦ ደቂቃ በደቂቃ ያስነግራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው «ፖርክቾፕ ሂል» ለኢትዮጵያውያኑ ምዕራፎች ሰጥቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ግሬጎሪ ፔክ የተወነበት ፊልም ሲሠራ ግን ኢትዮጵያውያኑ ወጡ፤ ኮረብታው ብቻ ቀረ። ማርሻልን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። በሌሎች ሥራዎቹ ያቀረባቸው አኃዞች ኋላ ላይ በታሪክ ምሁራን ክፉኛ ተጠይቀዋል፤ የኢትዮጵያውያኑንም ቃል የሰማው በአስተርጓሚ ነው። ስሞቹን ደግሞ አጣሟቸዋል፦ የዮክ አዛዥ የሆነው በዛብህ «ቤዛቢብ» ሆኖ ታትሟል። አያቱን በእንግሊዝኛ ማውጫ የሚፈልግ ወጣት ስሙን በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ሞክሮ ካላገኘው ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

ከስም የባሰው ጣጣ የዘመንና የሰዓት አቆጣጠር ነው። በአሜሪካኖች ሰነድ «1953» ሲባል የኮሪያ ጦርነት ያበቃበት ዓመት ነው። ለእኛ አንባቢ 1953 ማለት የታኅሣሡ ግርግር፣ ይኸው የክብር ዘበኛ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት በንጉሡ ላይ የተነሳበት ዓመት ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ጽሑፍ በብዛት ይገኛል። ሰዓቱ ደግሞ የባሰ ነው። ኮሪያ ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛም ሰዓት የምንቆጥረው ከሌላው 6 ሰዓት ዝቅ አድርገን ነው። በዚህ አጋጣሚ የአሜሪካው ሰነድ ኮሪያ ላይ 10 ሰዓት ብሎ የጻፈው ቅጽበት በአዲስ አበባ የእጅ ሰዓትም 10 ይላል፤ ጠዋቱ ግን እኛ ዘንድ ሌሊት ነው። ኮሪያ የነበረው ወታደር ሰዓቱን ከኮሪያ ጋር አስተካክሎ በሐበሻ ቢቆጥር ደግሞ ያንኑ ቅጽበት 4 ሰዓት ይለዋል። አንድ አረጋዊ ዘማች «ተኩሱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቆመ» ቢል ሰነዱ ከሚለው 22 ሰዓት ጋር በትክክል ይገጥማል። አዛውንቱ ተሳሳቱ ብሎ «የሚያርም» አዘጋጅ ነው የሚሳሳተው።

ቻይናዎች ፖርክቾፕን እንደገና ያጠቁት ሰኔ 29 ቀን ነው። 7ኛው ክፍለ ጦር ዝናብና ጭቃ ውስጥ አምስት ቀን ያህል ተከላከለ፤ በየቀኑ አዲስ ሻምበል ኮረብታው ላይ እየተጣለ አለቀ። ሐምሌ 4 ቀን አዛዦቹ ኮረብታው የሚበላውን ሕይወት አያወጣም ብለው ጦሩን አወረዱት። ድርድሩ ሊጠናቀቅ ሁለት ሳምንት ተኩል ሲቀረው ማለት ነው።

ተኩስ አቁሙ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ጠዋት ተፈረመ። የሚጸናው ግን ከተፈረመ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር፤ በመሀሉም መድፉ አልተኛም። ከዚያ በኋላ የመጣው ትእዛዝ ለግንባሩ ሁሉ አንድ ነው፦ በ72 ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱ ወገን ከመገናኛው መስመር 2 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ይሳብ። ስንት ሰው የሞተበት ምሽግ ተለቆ ከጦር ነፃ የሆነው ቀጠና ውስጥ ገባ። ፖርክቾፕ ዛሬም እዚያው ቀጠና ውስጥ ስለሆነ፣ ከቦሌ ተነስቶ ኢንቾን ያረፈ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ የቹንቾኑን የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ማየት ይችላል፤ ኮረብታው ላይ ግን አይወጣም።

ምርኮኛ ሳያስይዝ የሚለው ዝና የተፈተነው ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ትልቁ የምርኮኞች ልውውጥ ሲካሄድ አሜሪካዊው፣ እንግሊዙ፣ ቱርኩ እየተቆጠረ ተመለሰ። በዝርዝሩ ላይ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ከሦስቱ ሻለቃዎች 121 ሞተዋል፣ 536 ቆስለዋል ተብሎ ተመዝግቧል፤ የጠፋ የለም። ቁጥሩን ከላይ ካለው የሌሊት ውጣ ግባ ጋር አብሮ ማየት ያስፈልጋል። የሞተ ጓደኛን ከሸለቆው ተሸክሞ የሚመለስ ጓድ ቀርፋፋ ነው፤ ቀርፋፋ ጓድ ደግሞ ይመታል። የሰው አለመጥፋት በዚያ ዋጋ የተገዛ ነው።

ሻለቃው ወዲያው አልተመለሰም። በዶንግዱቾን ሰፍሮ ቦህዋ የተባለ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ሲረዳ ቆየ፤ አራተኛውና አምስተኛው ቃኘውም ተከታትለው ሄዱ። አገር ቤት ግን ጊዜው አልቀናቸውም። ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ክብር ዘበኛ ራሱ ተጠርጣሪ ሆነ፤ ደርግ ሲመጣ ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስለተወዳጀ የደቡቡ ዘማች መሆን የሚያኮራ ነገር መሆኑ ቀረ።

ዱካውን መከተል የሚፈልግ ቤተሰብ ሜዳሊያውን ብቻ ይዞ ሩቅ አይሄድም። መጀመሪያ አባት ወይም አያት የዘመቱት ከስንተኛው ቃኘው ጋር እንደሆነ፣ ከዚያም የትኛው ሻምበል ውስጥ እንደነበሩ ማወቅ ያስፈልጋል። በወር በወር የተጻፉት የ7ኛ ክፍለ ጦር የአዛዥነት ሪፖርቶች ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። የሚፈለጉትም በሰው ስም አይደለም፤ በሬጅመንትና በወር ነው። ለዮክ ሌሊት የሚጠየቀው የ32ኛው ሬጅመንት የሜይ 1953 ሰነድ ነው።