ተጨማሪ መረጃ፦ ከአድዋ ድል በኋላ መረብን መሻገር ይገባ ነበር?

የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ድል ተጠናቀቀ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል ደግሞ ድሉን በሰነድ አጸና። ውሉ ቀደም ሲል ከጣሊያን ጋር የተፈረመውን የውጫሌ ስምምነት ሰረዘ፤ ጣሊያንም የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት ተቀበለች። ለምርኮኞች መጠበቂያ ወጪም 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። ድንበሩ ግን ለጊዜው በመረብ፣ በለሳና ሙና ወንዞች መስመር ላይ ቀረ፤ በ1892 ዓ.ም. በተፈረመ ሌላ ውልም ይኸው መስመር ጸደቀ።

ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ምኒልክ ለምን መረብን ተሻግረው በጣሊያን ወደተያዘችው ኤርትራ አልዘለቁም? አንዳንዶች ሠራዊቱ ስንቅ አልቆበትና ደክሞ እንደነበር፣ አገሩም «ክፉ ቀን» ከተባለው ረኃብ ገና እያገገመ እንደነበር ያስረዳሉ። ጣሊያንም ተጨማሪ ጦር እየላከች ነበር። ሌሎች ግን ኤርትራ በጣሊያን እጅ መቅረቷ ለ1928ቱ ወረራ መንደርደሪያ ሆነ ይላሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ ያኔ የተሰመረው ድንበር ጉዳይም ከዘመናት በኋላ ተመልሶ ተነሥቷል፤ በ1993ቱ የአልጀርስ ስምምነት የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰን እንዲለይ የተወሰነው ከጣሊያን ጋር በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ዓ.ም. በተፈረሙት ውሎች መሠረት ነበር።

ተወያዩ፦ አሸናፊ ወገን በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚያገኘውን የሚወስነው ምንድን ነው? ከላይ ካሉት ነጥቦች ሁለቱን በማስረጃነት ተጠቀሙ።