በመጎተቻ መንጠቆ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ትርጉም

በአሜሪካ አገር መኝታና ማብሰያ ያለውን ትልቅ መኪና እየነዱ፥ ከኋላው ትንሽ አውቶሞቢል አስከትሎ መጓዝ የተለመደ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው የብረት መንጠቆ የሚችለው ክብደት በላዩ ተጽፎበታል፤ ይህንንም አጣርቶ ማንበብ ለገዢም ለሻጭም የሚገባ ነው።

ቁጥሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው መንጠቆው የሚጎትተው ጠቅላላ ክብደት ሲሆን፥ ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች የሚያርፍበት ሸክም ነው። ለምሳሌ 5,000 እና 500 ፓውንድ የሚል ቢሆን፥ በኪሎ 2,268 እና 227 ማለት ነው። ፓውንዱን ኪሎ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ከልኩ ከእጥፍ በላይ አስጭኖ ለአደጋ ይዳርገዋል።

እንግዲህ 1,600 ኪሎ የሚመዝን አውቶሞቢል በዚህ መንጠቆ ይጎተት እንበል። ፋብሪካው ፈቅዶለት በአራቱም ጎማዎቹ መሬት እየረገጠ ቢከተል፥ ክብደቱን ራሱ ስለሚሸከም መንጠቆውን የሚጫነው ጥቂት ነው። ከጅቡቲ ዕቃችንን የሚያመጡ ካሚዮኖች የሚስቡት፥ ከፊትም ከኋላም ጎማ ያለው ተሳቢ በዚሁ ዓይነት ይጓዛል። ያው አውቶሞቢል ጎማው በመካከሉ በሆነ 700 ኪሎ ተሳቢ ላይ ቢጫን ግን ጠቅላላው 2,300 ኪሎ ይሆናል። ከዚህም ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነው በመንጠቆው ላይ ማረፍ ስላለበት፥ ቢያንስ 230 ኪሎ ይጫነዋል። በሁለቱም ቁጥር ከልክ አለፈ ማለት ነው። ሸክሙን ለማቅለል ጭነቱን ወደ ኋላ ቢገፉት፥ ተሳቢው በመንገድ ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ እጅግ ወደ ፊት ቢያመጡት ደግሞ የጎታቹ የፊት ጎማ ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል።

ሦስተኛ ቁጥር ደግሞ አለ፤ ይኸውም ፋብሪካው ለጎታቹና ለተጎታቹ በአንድነት የወሰነው ክብደት ነው። ድምሩ 10,000 ኪሎ ቢሆንና ጎታቹ ከነተሳፋሪውና ከነጓዙ 8,600 ቢመዝን፥ የሚቀረው 1,400 ኪሎ ብቻ ነው። መንጠቆው 2,268 ቢችልም እንኳ 1,600 ኪሎውን አውቶሞቢል መጎተት አይፈቀድም። የበለጠ ጠንካራ መንጠቆ ቢገዛም ነገሩ አይለወጥም፤ መንጠቆ ፍሬንን አያጠነክርምና።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚያዘው ትንሹ ነው። መንጠቆ የሚሸጥ ነጋዴ ዋጋውን ከመናገሩ አስቀድሞ የጎታቹን፥ የተጎታቹንና የጭነቱን ክብደት ይጠይቅ። በዚህ ጥያቄ አንድ ሽያጭ ቢቀርበት፥ የደንበኛው ሕይወትና የራሱ መልካም ስም ይተርፉለታል።